ብርድ ልብስ ሰው አይገድልም

የመጋዘኑ ኃላፊ ጠዋት በሩን ሲገፋው ሳይቆለፍ አገኘው። ማታ በገዛ እጁ ቆልፎት ነበርና ገና ከደጃፉ ልቡ ፈራ። ገብቶ መብራቱን ሲያበራ፣ ከወዲያኛው ጥግ የተደረደረው የብርድ ልብስ ቦንዳ ተንዶ፣ ከሥሩ አንድ ጫማ ብቅ ብሎ አየ። ጥቁር ነው፤ በደንብ ተወልውሏል፤ ተረከዙ ግን በአንድ በኩል አልቋል። የማን እንደሆነ ለማወቅ ቦንዳውን ማንሳት አላስፈለገውም። ያ ጫማ ዕድሜ ልኩን በፋብሪካው ወለል ላይ ሲመላለስ ያየው ጫማ ነው።

ሟቹ የፋብሪካው ባለቤት ነበር። ሠራተኛው ሁሉ ጋሽ ጠርዙ ይለዋል። አንድ ብርድ ልብስ ከግቢው ከመውጣቱ በፊት ጠርዙን በሁለት ጣቱ ይዞ ሳይስብ፣ ስፌቱን ሳይፈትሽ ስለማይለቅ የወጣለት ስም ነው።

መርማሪው ሲደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ሁሉም አደጋ ነው ይላል። ቦንዳው ሲደረደር ዘምሞ ነበር፤ ሰውየው ከላይ ያለውን ሊያይ ሲስብ ተናደበት፤ አለቀ። መርማሪው እያንዳንዱን ተናጋሪ ካዳመጠ በኋላ "ሰምቻለሁ" ይላል። በመሥሪያ ቤቱ ቅጽል ስሙም ይኸው ነው፤ ሰው ሲነግረው ሰምቻለሁ ይላል እንጂ አምኛለሁ ሲል የሰማው የለም።

ቦንዳው ተነስቶ ሬሳው ሲገለጥ ከፖሊስ ጋር የመጣው ሐኪም ተንበርክኮ የራስ ቅሉን ከኋላ በኩል ዳሰሰ። ቆየት ብሎ ቀና አለና መርማሪውን በዐይኑ ጠራው።

"ብርድ ልብስ ሊያፍን ይችላል፤ ቦንዳው ከከበደ አንገት ሊቀጭም ይችላል። እንዲህ ያለ ጠባብ ስንጥቅ ግን አያወጣም። ብርድ ልብስ ሰው አይገድልም፣ ወንድሜ። ይሄ ብረት ነው።"

ከሟቹ ራስ ሥር ያለው ሲሚንቶ ደግሞ ንጹህ ነው ማለት ይቻላል። ደሙ የፈሰሰው ሌላ ቦታ ነው ማለት ነው።

አሥር አለቃዋ ኪሶቹን አንድ በአንድ ፈተሸች። ከመርማሪው ጋር ብዙ ዘመን የሠራች፣ ፈገግታ የማታውቅ፣ እጇ ግን የማይሳሳት ሴት ናት። ቁልፍ፣ መነጽር፣ መሐረብና አንድ የክብሪት ቀፎ አገኘች።

"ሲጋራውስ?" አለ መርማሪው።

"ሲጋራ የለም።"

የመጋዘኑ ኃላፊ ነገሩ ገርሞት ጣልቃ ገባ። ጋሽ ጠርዙ ሲጋራ በአፋቸው አልዞረም፤ እንዲያውም ሱፍ ባለበት ግቢ ክብሪት ይዞ የተገኘን ሠራተኛ በዚያው ቀን ያሰናብታሉ አለ። አሥር አለቃዋ ቀፎውን ከፈተች። ከክብሪት እንጨቶቹ መሃል የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል የብርድ ልብስ ቁራጭ ተጣጥፋ ተቀምጣለች። አንዱ ጫፏ ተቃጥሎ እንደ ዶቃ ደርቋል።

ከመውጣታቸው በፊት መርማሪው የበሩን ዘበኛ አስጠራ። ዘበኛው ሽማግሌ ነው፤ ኮፍያውን በሁለት እጁ እያሸ ቆመ። ጋሽ ጠርዙ ሥራ ሲያልቅ በእግራቸው ወጥተው ነበር፤ ሲመለሱ አላየሁም፤ የኋለኛው በር ቁልፍ ስላላቸው በዚያ ገብተው ይሆናል አለ።

"ሌላ የገባ ሰው አለ?"

"ምንም እንግዳ አልገባም፣ ጌታዬ። እንግዳ ሰው እኔ ባለሁበት ይህን በር አያልፍም።"

መርማሪው "ሰምቻለሁ" ብሎ አለፈ።

*

የሟቹ ልጅ ቢሮ ከፋብሪካው አዳራሽ በላይ ነው። ማሽኖቹን የምትመራው እሷ ናት፤ ኢንጂነር ናት። መርማሪው ወደ እሷ ለመድረስ በአዳራሹ መሃል ማለፍ ነበረበት። ማሽኖቹ ለሐዘን ቆመዋል፤ አየሩ ግን ገና በሱፍ ብናኝ የተሞላ ነው። ብናኙ ከጣሪያው አግዳሚ ላይ ተንጠልጥሏል፤ በመስኮቱ ደፍ ላይ ተከምሯል። ደረጃውን ሲወጣ ሁለት ጊዜ አነጠሰ። ጥቁር ኮቱ ወፍጮ ቤት የዋለ መስሏል።

ልጅቱ አላለቀሰችም፤ ወይም አልቅሳ ጨርሳለች። አባቷ ማን ሊገድለው እንደሚችል ሲጠይቃት ነገሩን ከሥሩ ጀመረችለት። ከውጭ የሚገባው ብርድ ልብስ ገበያውን ካጥለቀለቀ ወዲህ አገር ውስጥ የሚያመርቱት ፋብሪካዎች አንድ በአንድ ተዘግተዋል። ውድድር ቢሆን ባልከፋ፤ ግን ያ ብርድ ልብስ በተሠራበት አገር ከሚሸጥበት ባነሰ ዋጋ ነው እዚህ የሚሸጠው። እኛ ለክር ብቻ የምናወጣው ከነሱ ሙሉ ብርድ ልብስ ይበልጣል አለች። ዛሬ አርክሰው እኛን ካጠፉን በኋላ ነገ ዋጋውን ማን ይከለክላቸዋል? አባቷ የቀሩትን አምራቾች አሰባስቦ ማኅበር አቋቁሟል፤ በዚያ ዕቃ ላይ ተጨማሪ ቀረጥ እንዲጣል ለንግድ ቦርዱ አቤት ብሏል። ቦርዱ ጉዳዩን ሊሰማ የቀረው ሳምንት ብቻ ነው።

"እንግዲህ ማን እንደሚጠላው እርስዎ ይገምቱ" አለች።

መርማሪው ግን ሌላ ነገር ሰምቶ ነበር የመጣው። ከሞቱ በፊት በነበረው ቀን አባትና ልጅ በዚሁ ቢሮ ሲጯጯሁ ሠራተኛው ሁሉ ሰምቷል። ይህን ሲያነሳባት ፊቷ አልተለወጠም።

"ማሽኖቹን እናቁምና አዳራሹን ለመጋዘን እናከራይ አልኩት።"

"ለማን?"

"ለከፈለ ሁሉ። ለአስመጪም ቢሆን።"

"እሳቸውስ ምን አሉ?"

"በሬሳዬ ላይ አለ።"

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ቁልቁል የቆሙትን ማሽኖች ስታይ ቆየች። አባቷ በሞተበት ምሽት የት እንደነበረች ሲጠይቃት ልጄ ትኩሳት ይዞት አጠገቡ ነበርኩ፣ ጎረቤቴ የሆነችው ነርስ ስትወጣ ስትገባ አይታኛለች አለች። መርማሪው "ሰምቻለሁ" አለ። ደረጃውን ሲወርድ ለአሥር አለቃዋ ነርሷን እንድታነጋግር ነገራት፤ ትኩሳት ያለበት ልጅ አንዴ ከተኛ እናቱ መውጣት አያቅታትም።

*

አስመጪውን ገበያው ሁሉ ቅናሹ እያለ ይጠራዋል፤ ከሱቁ በላይ ያለው ትልቅ ሰሌዳ ዓመቱን ሙሉ "ቅናሽ" ስለሚል ነው። የብርድ ልብስ ክምር ከወለል እስከ ጣሪያ ደርሷል፤ በቀለሙ ዐይን ይወጋል። ቅናሹ ወፍራም፣ ፈገግተኛ ሰው ነው። በማኅበሩ ስብሰባ ደጃፍ ላይ ጋሽ ጠርዙን በሰው ፊት "ጉሮሮዬን ልትዘጋ ከፈለግህ የአንተም ክፍት አይቀርም" እንዳለው አልካደም።

"ተናድጄ ነበር። የተናደደ ሰው ያወራል፤ የሚገድል ሰው ግን አያወራም" አለ።

በዚያ ምሽት የት እንደነበረ ሲጠየቅ፣ ጉምሩክ ግቢ ኮንቴነር ሲያስወርድ እንደነበረና የጉምሩክ ሠራተኞች ሁሉ ምስክሮቹ እንደሆኑ ተናገረ። ኋላ ሲጣራ እውነት ሆኖ ተገኘ። ሰው ልኮ ቢሆንስ? መርማሪው ይህን ሲያስብ ቅናሹ ከፊቱ ላይ ያነበበው ይመስል ሳቀ።

"ኢንስፔክተር፣ እሱ ሞቶ እኔ ምን እጠቀማለሁ? አሁን ማኅበሩ ሰማዕት አገኘ፤ ቦርዱ ሊያዝንለት ነው። ቀረጡ ቢጣልብኝ ነገ ወደ ምንጣፍ እዞራለሁ። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ በግልጽ አስገባለሁ፣ በግልጽ እሸጣለሁ። ማርኩ ላይ የተሠራበት አገር ተጽፏል፤ ያንብቡት።"

ከዚያ ወደ መርማሪው ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"የእኔን ዕቃ የሚገዛው ተራ ሕዝብ ብቻ ይመስልዎታል? ከእነዚያ 'የአገር ምርት' እያሉ ከሚጮኹት መሃል የእኔ ደንበኛ የለም?"

"ማን ነው?"

"ደንበኛዬን ከሰጠሁማ ነገ ማን ይገዛኛል?" ብሎ ፈገግታውን መለሰ። ከዚያ በኋላ ቢለምኑትም ቢያስፈራሩትም አንድ ቃል አልወጣውም።

መርማሪው ከሱቁ ሲወጣ ሁለት ሐሳብ ያዘው። ሰውየው የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እያደረገ ሊሆን ይችላል። እውነቱን ተናግሮም ሊሆን ይችላል። ፈገግተኛ ሰው የቱን እንደሚያደርግ አይታወቅም።

*

በማግስቱ የተቃጠለችውን ቁራጭ ይዞ ከአሥር አለቃዋ ጋር ወደ ልጅቱ ተመለሰ። በመስታወት ማጉያ ስታያት ፊቷ ተለወጠ። ከመሳቢያዋ አንድ የራሳቸውን ፋብሪካ ክር አወጣች፤ ወደ ግቢው ወርዳ ከውኃው በርሜል አጠገብ ቆመችና ክብሪት ለኮሰችበት። ክሩ የተቃጠለ ፀጉር ሸተተ፤ በጣቷ ስታሸው አመድ ሆኖ ተበተነ። ቀጥላ ከቁራጯ አንድ ክር መዛና ለኮሰች። ክሩ ቀለጠ፤ ጥቁር ዶቃ ሆኖ ደረቀ።

"ፕላስቲክ ነው። ሱፍ የሚባል አልነካውም። ከውጭ የሚገባው ነው" አለች። "አባቴ እሳት የሞከረው ይህን ለማወቅ ነው።"

"እሱን ለማወቅ ወደ ቅናሹ ሱቅ ሄዶ ማርኩን ማንበብ አይበቃውም ነበር?"

 አሥር አለቃዋ ቁራጯን ወደ ብርሃን አንስታ ታይ ነበር። በጠርዟ በኩል ሁለት ረድፍ የመርፌ ቀዳዳ አለ። አንዱ ረድፍ ባዶ ነው፤ ክሩ ተፈቶ ወጥቷል። በሌላው ረድፍ አዲስ ክር ቀርቷል። አንድ ማርክ ተነቅሎ፣ በቦታው ሌላ ማርክ ተሰፍቷል። ያንን ሁለተኛውን ማርክ ደግሞ አንድ ሰው ከእነ ብርድ ልብሱ ወስዶታል።

ሦስቱም ያሰቡት አንድ ነገር ነው። የውጭ ዕቃ ላይ የአገር ውስጥ ማርክ የሚሰፋ ሰው አለ። ቀረጡ ሲጣልና የውጭው ሲወደድ፣ ያ ሰው በርካሽ የገዛውን በውድ ይሸጣል። አስመጪው ይከስራል፤ እውነተኛው አምራች ይተነፍሳል፤ ዋናው አትራፊ ግን እሱ ነው። እንግዲህ ቀረጡን ከሁሉ አጥብቆ የሚፈልገው ማን ነበር? መርማሪው ሳይወድ ያሰበው ስም የሟቹን ነው።

"መጋዘናችሁን መፈተሽ አለብኝ" አለ።

ልጅቱ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ከንፈሯ ነጣ።

"የሞተውን ሰው ነው የሚጠረጥሩት?"

"ልጄ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው። የእኔ ሥራ እንዲህ ያለ ክፉ ሥራ ነው።"

ራሷ በሩን ከፈተችለት። ቦንዳ እያስፈታ፣ ከላይም ከሥርም ከመሃልም ክር እየመዘዘ ደጅ አውጥቶ አቃጠለ። ግቢው በተቃጠለ ፀጉር ሽታ እስኪታፈን ድረስ ቀጠለ። ሁሉም አመድ ሆነ፤ ቀልጦ የደረቀ አንድም አልተገኘም። ልጅቱ እጇን አጣምራ እስከ መጨረሻው ቆመች። ሲጨርስ ይቅርታ አልጠየቃትም፤ እሷም አልጠበቀችም። ነርሷ ግን በዚያ ምሽት ከልጁ አልጋ አጠገብ እንዳልተለየች ለአሥር አለቃዋ አረጋግጣላት ነበር። ከተጠርጣሪዎቹ የቀሩት የማኅበሩ ሰዎች ናቸው።

*

ከማኅበሩ ሰዎች ለሟቹ የሚቀርበው ምክትሉ ነበር። ሁለቱ በልጅነታቸው በአንድ ፋብሪካ ማሽን እየጠረጉ ያደጉ ናቸው፤ ኋላ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ከፈቱ። ፋብሪካው ከጋሽ ጠርዙ ፋብሪካ ጀርባ፣ በእግር የሚደረስበት ቦታ ነው። ልጅቱ ጋሼ እያለች ነው ያደገችው። ሌላው ሰው ግን መሐላው ይለዋል፤ ያለ መሐላ አንድ ዓረፍተ ነገር አይጨርስም። በሞተው ይምላል፤ በቆመው ይምላል።

ፋብሪካው ገና ከመንገዱ ይሰማል። ማሽኖቹ መሬቱን ያንቀጠቅጡታል። መሐላው ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ ዐይኑ በልቅሶ አብጧል። መርማሪውን ሲያይ ተነስቶ እጁን ያዘው።

"ወንድሜን ነው የገደሉብኝ። እናቴ ትሙት፣ ከአንድ ማኅፀን ብንወጣ ከዚህ በላይ አንዋደድም። ይህን ያደረገው ቅናሹ ነው፤ ልጄን ይንሳኝ!"

ቀረጡ ሳይጣል እንቅልፍ አልተኛም፤ ወንድሜ የጀመረውን እኔ እጨርሰዋለሁ አለ። በዚያ ምሽት የት እንደነበረ ሲጠየቅ አልተቀየመም። እዚሁ ነበርኩ፤ ማሽኖቹ እየሠሩ ትቼ አልሄድም፤ ማሽን እንደ ሕፃን ነው፣ ዞር ስትል ራሱን ይጎዳል። ያላመነ ማዶ ያለችውን ሻይ ሻጭ ይጠይቅ አለ።

አዳራሹንም ራሱ አስጎበኘው። ከፊት ያሉት ማሽኖች ላይ ክር ተዘርግቷል፤ ብርድ ልብስ ቀስ እያለ ይወጣል። ከኋላ በረድፍ የተደረደሩት ሁሉ በኃይል ይሽከረከራሉ። ድምፁ ጆሮ ስለሚበጥስ መነጋገር አልተቻለም። መሐላው በእጁ እያመለከተ ይህን አሳየው፣ ያንን አሳየው፤ ከዚያ ክንዱን ይዞ ወደ በሩ መለሰው። መርማሪው ጆሮው እየጮኸ ወጣ።

ሻይ ሻጭዋም የተባለውን አልካደችም። በዚያ ምሽት ማሽኖቹ ሲጮኹ ሰምታለች፤ ሱቋን እስክትዘጋ አላቆሙም። መርማሪው "ሰምቻለሁ" ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ፤ የሚይዘው ጫፍ እንዳጣ ተሰማው።

*

ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ እንደ ሰሞኑ ልማዷ የልብስ ብሩሹን ይዛ በሩ ላይ ጠበቀችው። ፋብሪካ ከተመላለሰ ወዲህ ሶፋውን በሱፍ አልብሶባታል፤ ኮቱን ሳያራግፍ አታስገባውም። ትከሻውን ይዛ አዞረችው፤ ከፊት አየችው፤ ከኋላ አየችው።

"ዛሬ ፋብሪካ አልሄድክም እንዴ?"

"እንዴት አልሄድኩም? ከዚያ ነው የምመጣው።"

"ታዲያ ምን በጎ ነገር ተገኘ? ኮትህ እንደወጣ ነው የተመለሰው።"

መርማሪው ኮቱን አውልቆ ወደ መብራቱ አቀረበው። ጥቁር ነው፤ አንድም ነጭ ነገር የለበትም። ማሽኖቹ ቆመው በነበሩበት በጋሽ ጠርዙ አዳራሽ ሲያልፍ ዱቄት ነፊ መስሎ ነበር የወጣው። ይኸኛው ፋብሪካ ግን በሙሉ ኃይሉ እየሠራ፣ እሱ በመሃሉ ተዘዋውሮ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አላስነጠሰውም።

ሚስቱ ምን ሆንክ ስትለው ኮቱን መልሶ እየለበሰ ነበር።

*

መጀመሪያ የሄደው ወደ ጋሽ ጠርዙ ፋብሪካ ዘበኛ ነው። አሥር አለቃዋ ከቤቷ ተጠርታ በሩ ላይ አገኘችው።

"አባባ፣ ባለፈው ምንም እንግዳ አልገባም ብለውኛል" አለ መርማሪው። "እንግዳ ያልሆነስ?"

ሽማግሌውን ጥያቄው ግራ አጋባው። "እንግዳ ያልሆነማ... ጋሽ መሐላው ናቸዋ። በዚያ ማታ በፒክአፕ መጡ፤ ጠርዙ የመጋዘኑን ቁልፍ ሰጥቶ ልኮኝ ነው፣ የተመለሰ ብርድ ልብስ ላስገባ ነው አሉ። እሳቸው የቤት ሰው ናቸው። ሁልጊዜ ይገባሉ።" እየተናገረ ሳለ ድምፁ ቀስ በቀስ ወረደ። "ጌታዬ... በመኪናው ላይ የነበረው ምንድን ነው?"

 ሽማግሌው መልሱን ሳይጠብቅ በሩን ተደግፎ ቁጭ አለ።

የመሐላው ፋብሪካ አሁንም ይጮኻል። በዚህ ጊዜ መርማሪው በቢሮው በኩል አልገባም። በጎን በር ገብቶ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ትልቅ ማብሪያ ወደ ታች ሳበው። ድምፁ ቀስ እያለ ሞተ። በጸጥታው መሃል ወደ ኋለኞቹ ማሽኖች ሄደ። አንዳቸውም ላይ ክር የለም። ባዶ ብረት ነው ሲሮጥ የነበረው። ከሥራቸው ያለው ወለል እንደ ሳሎን ንጹህ ነው፤ በአንደኛው እግር ላይ እንዲያውም ሸረሪት ድሯን አድርታበታለች። ከፊት ያሉት ጥቂቶቹ ለእንግዳ ዐይን የተቀመጡ ናቸው።

አሥር አለቃዋ በአዳራሹ ጫፍ ያለውን በር ገፋችው። ረዥም ክፍል ነው። ሴቶች በሁለት ረድፍ ተቀምጠው የውጭ ብርድ ልብስ ጭናቸው ላይ ዘርግተዋል። አንዱ ረድፍ በምላጭ ማርክ ይነቅላል፤ ሌላው ረድፍ ማርክ ይሰፋል። አዲሱ ማርክ ላይ "የአገር ውስጥ ምርት" የሚል ተጠልፏል። ሴቶቹ ፖሊስ ሲያዩ መርፌያቸውን እንደያዙ ቀሩ። ጌታው ይህን የሚያደርጉት ፋብሪካው እስኪያገግም ነው ብለው ነግረውናል አለች አንዷ፤ ሌላ ሥራ ቢኖር እንሄድ ነበር።

መሐላው ድምፁ ሲጠፋ ከቢሮው እየሮጠ መጣ። ክፍቱን በር ሲያይ ቆመ። መርማሪው ከማብሪያው አጠገብ የተደገፈውን፣ ማሽን የሚፈታበትን ረዥም ብረት አየና ለአሥር አለቃዋ ጠቆማት። ታጥቧል፤ በጥርሶቹ መሃል ግን ጥቁር ነገር ደርቋል።

"እናቴ ትሙት..." ብሎ ጀመረ መሐላው።

"እስኪ ዛሬ አንድ ጊዜ ሳይምሉ ይናገሩ" አለው መርማሪው።

ሰውየው ከማሽኑ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ የተናገረው እውነትም መሐላ አልነበረበትም። ዋጋው ሲወድቅ ፋብሪካውን መዝጋት አሳፈረው፤ መጀመሪያ ጥቂት ብቻ ከቅናሹ ገዝቶ ማርክ ቀየረ። ከዚያ እየቀለለው ሄደ። ቀረጡ ሲጣል የሚሸጠውን ብዙ አከማችቶ ነበር። የመሐላውን ፋብሪካ ማርክ የያዘ ብርድ ልብስ አንድ ደንበኛ ሲያሳየው ጋሽ ጠርዙ እንደ ልማዱ ጠርዙን ስቦ አየ፤ የእኛ እጅ አይደለም ብሎ ቤቱ ወስዶ አቃጥሎ ፈተነው፤ ከዚያ ብርድ ልብሱን ይዞ መጣ።

"ሊያጋልጥዎት መስሎዎት ነው የገደሉት?"

"አይደለም። ምነው ያን ባለ።" ሰውየው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። "ቦርዱ ፊት አንተው ራስህ ተናገር አለኝ። ስትናገር አጠገብህ እቆማለሁ፤ እንደ ወንድሜ እቆማለሁ አለኝ። ከዚያ ማብሪያውን ሊያጠፋ ዞረ። ማሽኑ ከቆመ ሰው ሁሉ ባዶ መሆኑን ያያል። እኔ የታየኝ ማብሪያው ብቻ ነው።"

*

ወሬው ከተማው ውስጥ ሳይገባ የማኅበሩ ሰዎች ወደ መርማሪው ቢሮ መጡ። የለበሱት ጥሩ ነው፤ የሚናገሩት በትሕትና ነው። ሰውየው ታስሯል፣ ደግ። ግን ምክንያቱ ለምን አሁን ይነገራል? ቦርዱ ሊቀመጥ ነው። የአምራቾቹ ምክትል ራሱ የውጭ ዕቃ ሻጭ ነበር ከተባለ የአስመጪዎቹ ጠበቃ እንደ ከበሮ ይመታናል፤ ስንት ሠራተኛ ሜዳ ላይ ይቀራል፤ ጥቂት ቀን ብቻ ይታገሡን አሉ። የመርማሪው አለቃም በስልክ ያንኑ በሌላ ቃል ነገረው። መርማሪው ሁሉንም ሰምቻለሁ ብሎ አሰናበታቸውና ወደ ልጅቱ ሄደ።

ቀድመው እሷም ጋ ደርሰው ነበር።

"ዝም በይ አሉኝ። ለአባትሽ ሥራ ስትይ አሉኝ" አለች። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። "መጨረሻ ላይ ምን አለው?"

መርማሪው ቃል በቃል ነገራት። አጠገብህ እቆማለሁ የሚለው ላይ ሲደርስ የመጀመሪያዋን እንባ አየ። ፈጥና ጠረገችው። ጋሼን ከልጅነቷ ጀምሮ ነው የምታውቀው፤ ትከሻው ላይ ተቀምጣ ማሽን አይታለች። አሁን ያ ትከሻ የአባቷን ሬሳ ተሸክሟል። ዝም ብትል ፋብሪካው ይተርፍ ይሆናል። እሷ ራሷ ልትዘጋው ፈልጋ የነበረው ፋብሪካ።

መርማሪው ምክር አልሰጣትም። ሊሰጥ ቢፈልግም የትኛውን እንደሚሰጥ አያውቅም ነበር።

ቦርዱ በተሰየመበት ዕለት አዳራሹ ሞላ። መርማሪውና አሥር አለቃዋ ከኋላ ተቀመጡ። የማኅበሩ ሰዎች ከፊት ናቸው፤ ቅናሹም ከሌሎቹ አስመጪዎች ጋር በወዲያኛው በኩል አለ። ልጅቱ በአባቷ ምትክ ተነሳች። ስለ ዋጋው፣ ስለተዘጉት ፋብሪካዎች፣ ሥራ ስላጡት ሰዎች በረጋ ድምፅ ተናገረች። የማኅበሩ ሰዎች ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡ። ከዚያ ቀጠለችና የአባቷን ሞት፣ ባዶ የሚሮጡትን ማሽኖች፣ ማርክ የሚነቅሉትን ሴቶች አንድም ሳታስቀር ተናገረች። ራስ መነቅነቁ ቆመ። የአስመጪዎቹ ጠበቃ ለመነሳት ቸኮለ።

"ቀረጡን አሁንም እንጠይቃለን" አለች። "ግን ማርኩ ውሸት ከሆነ ቀረጡ የሚጠብቀው ማንን ነው?"

የቦርዱ ሰብሳቢ መነጽሩን አወለቀ። "ከምክትላችሁ ሌላ እንዲህ የሚያደርግ አለ?"

"አላውቅም። ስለማላውቅ ነው የምጠይቃችሁ። ከመወሰናችሁ በፊት የሁላችንንም ፋብሪካ ግቡና እዩ። ከእኔ ጀምሩ።"

ሰብሳቢው በግራና በቀኙ ከተቀመጡት የቦርዱ አባላት ጋር በሹክሹክታ ተነጋገረ፤ ፍተሻው ሳይጠናቀቅ ውሳኔ እንደማይሰጥ አስታወቀ። ፍተሻው ዛሬውኑ ይጀመራል አለ። አዳራሹ ጉርምርምታ ሞላው። ልጅቱ ተቀመጠች።

በዚህ መሃል ከማኅበሩ ረድፍ ሁለት ሰዎች ስብሰባው ሳይዘጋ ተነሱ። አንዱ ስልኩን ከጆሮው ጋር አጣብቋል፤ ሌላው ኮቱን ወንበሩ ላይ ረስቷል። ወደ በሩ ሲሄዱ ማንንም አላዩም።

መርማሪው ወደ አሥር አለቃዋ ዞረ። ወንበሯ ባዶ ነበር፤ እሷ ቀድማ በሩ ላይ ደርሳ መንገዱን ዘግታ ቆማ ነበር።